የደራርቱ ቱሉ ሩጫና የአንዲት እናት ጥያቄ

አንድ ሯጭ ባሸነፈ ቀን ሰው ሁሉ ዘመዱ ይሆናል። ስሙ በየቤቱ ይነሣል፤ መልኩ በየግድግዳው ይለጠፋል፤ በዚያ ሰሞን ልጅ የወለደም በስሙ ልጁን ይሰይማል። ነገር ግን ከዚያ ቀን በፊት የነበረውን ድካም፥ ከዚያም ቀን በኋላ የሚመጣውን ረዥም ዘመን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እግር ሲዝል፥ ጉልበት ሲታመም፥ ዕድሜ ሲገፋ ያ ሯጭ ምን ሆነ? ምንስ በላ? ይልቁንም ሯጩ ሴት በሆነች ጊዜ ይህ ጥያቄ እጅግ ይከብዳል። እኔም ጥያቄውን ከራሴ አላመነጨሁትም፤ በፑኝዶ ከተማ ከአንዲት እናት አፍ የሰማሁት ነው። ስለዚህ ስለ ደራርቱ ቱሉ የምጽፈው ለምስጋና ብቻ አይደለም፤ ምስጋናስ ከእኔ የሚሻሉ ብዙዎች ጽፈውላታል። የሥራዋን ዘመን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ አንድ ነገር አድርጌ ለማየት ብፈልግ ነው እንጂ። ዓመቶቹንም፥ ሌላ ካላልሁ በቀር፥ በአገራችን አቈጣጠር እጽፋለሁ።

ፑኝዶን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልናገር። ከጋምቤላ ከተማ ተነሥቶ በአቦቦ በኩል ወደ ደቡብ የሄደ ሰው ከ100 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ተጕዞ የጎግ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ፑኝዶ ይደርሳል። አገሩ ቈላ ነው፤ በበጋ ወራት ረፋዱ ካለፈ በኋላ ፀሓዩ እንኳን ሊሮጡበት ሊቆሙበትም ያስቸግራል። የጊሎ ወንዝ በአጠገብዋ ያልፋል፤ የአኝዋክ ሰዎች በዳርቻው በቆሎና ማሽላ ይዘራሉ፥ ዓሣም ያጠምዳሉ። ከከተማይቱም ጥግ በ1985 ዓ.ም. የተቋቋመ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያ አለ። ወንዶች ልጆች ማታ ማታ ኳስ ይጫወታሉ፤ ሴቶች ልጆች ግን በዚያው ሰዓት በቦኖው ዙሪያ ተሰልፈው ውሃ ይጠብቃሉ። ከሰልፉ ወደ ቤት፥ ከቤትም ወደ ሰልፉ ሲመላለሱ የሚሄዱትን መንገድ ቢለኩት ከኳስ ተጫዋቾቹ መንገድ የሚያንስ አይመስለኝም።

በዚህ አገር ሩጫ የሚለው ቃል በደጋው እንደሚሰማው አይሰማም። በአርሲ ወይም በአዲስ አበባ ሩጫ ሲባል ሰው የሚያስበው ባንዲራና ሜዳሊያ ነው። በፑኝዶ ዕድሜ የጠገቡ ሰዎች የሚያስቡት ሌላ ነው። በ1980 ዓ.ም. ገደማ በሱዳን ጦርነት ቤተ ሰቦቻቸውን ያጡ ብዙ ሺህ ወንዶች ልጆች፥ ብዙዎቹ 10 ዓመት ያልሞላቸው፥ በረሓውን በእግራቸው አቋርጠው ወደዚህ መጥተው ተጠለሉ። በ1983 ዓ.ም. በግንቦት ወር በአገራችን የመንግሥት ለውጥ በሆነ ጊዜ ደግሞ እንደ ገና ሸሽተው ወደ መጡበት ተመለሱ። ጊሎ ሞልቶ ነበር። ከኋላቸው ጥይት ይተኰስባቸው ነበርና ዋና የማያውቁትም ወደ ውሃው ገቡ፤ ብዙዎችም በዚያ ቀሩ። ይህን ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ልጅ በመንገድ ሲሮጥ ባዩ ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት «ማን ቀደመ?» ብለው አይደለም፤ «ምን መጣ?» ብለው ነው።

እንዲህ ባለ ስፍራ አስተማሪ ሆኜ ስኖር፥ ከተማሪዎቼ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ከወንዶቹም ከሴቶቹም ፈጥና የምትሮጥ ሆና ተገኘች። በጋምቤላ ከተማ በሚደረገው የተማሪዎች ውድድር ላይ ትገኝ ዘንድ ተመረጠች፤ መሄጃና መመለሻው 4 ቀን ነበር። እናትዋ ግን አልፈቀዱም። አባትዋ በሕይወት የሉም፤ እናትዋ በቆሎ ዘርተው፥ ዓሣ አድርቀው ሸጠው 5 ልጆች ያሳድጋሉ። እኔም አንድ ማታ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። እርሳቸው የሚናገሩት በአኝዋክኛ ነው፤ የልጅቱ ታላቅ ወንድም ያስተረጕምልን ነበር። ጠላትነት ወይም ቍጣ በፊታቸው አልነበረም። ጐመን እየቀነጠሱ እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፥ እርስዎ ክፉ አላሰቡም። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይህች ልጅ እግርዋ እስኪደክም ትሩጥ እንበል። ከደከመ በኋላስ? የሮጠች፥ የወለደች፥ ከሮጠችም በኋላ እንጀራዋን በልታ በክብር የተቀመጠች ሴት ካለች ንገሩኝ። ወንድ አይደለም የጠየቅሁ፤ ሴት።»

እኔም አለች አልሁ። ሁለት ማታ ተመላልሼ የነገርኋቸው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ለእርሳቸው ያልነገርኋቸውንም ጥቂት ነገር ለአንባቢ ጨምሬአለሁ።

ደራርቱ ቱሉ በ1964 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በአርሲ በበቆጂ ተወለደች። ለወላጆችዋ ከ10 ልጆች 7ኛይቱ ናት። በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2800 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያላት ቀዝቃዛ የገበሬ አገር ናት፤ ከፑኝዶ ጋራ የሚያመሳስላት ነገር ቢኖር ልጅ ሁሉ ከሥራ ጋራ አብሮ ማደጉ ብቻ ነው። ደራርቱም ከብት እየጠበቀች አደገች። በትምህርት ቤት ሳለች የስፖርት አስተማሪዋ ሥንታየሁ እሸቱ ሩጫዋን አየ። ይህ ሰው ከእርስዋ በኋላ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራ ነው። እኔ በበኩሌ ስለዚህ አስተማሪ ሳስብ ቅናት ይይዘኛል፤ ጽድቅ የሆነ ቅናት ይሁን አይሁን እግዚአብሔር ያውቃል። 17 ዓመት በሞላት ጊዜ የፖሊስ ሠራዊት ቀጠራት። በዚህ ስፍራ እናትየው «ደመወዝ ነበራት ማለት ነውን?» ብለው አቋረጡኝ። አዎን አልሁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አሰማማቸው ተለወጠ። ወርቅ የሚለው ቃል በጆሮአቸው እንደ ተረት ነበር፤ ደመወዝ የሚለው ግን የሚያውቁት ነገር ነው።

በ1982 ዓ.ም. በቡልጋሪያ በፕሎቭዲቭ ከተማ በተደረገው የዓለም ወጣቶች ውድድር በ10,000 ሜትር አሸነፈች። በሚከተለው ዓመት በአገር አቋራጭ የዓለም ውድድር 2ኛ፥ በቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ 8ኛ ሆነች። ያ ዓመት 1983 ነው፤ በጊሎ የሆነውን የነገርሁበት ያው ዓመት። በአንዲት አገር፥ በአንድ ዘመን፥ አንዲት ልጅ ለመቅደም ስትሮጥ ሌሎች ልጆች ለመትረፍ ይሮጡ ነበር።

አሁን ወደ ባርሴሎና ልምጣ። ኢትዮጵያ በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ምሩጽ ይፍጠር ሁለት ወርቅ ካመጣ በኋላ 12 ዓመት ሙሉ በኦሊምፒክ አልታየችም፤ የሎስ አንጀለሱም የሴኡሉም በፖለቲካ ምክንያት ቀርቶባታል። ስለዚህ በ1984 ዓ.ም. ወደ ባርሴሎና የሄዱት ወጣቶች ከጦርነት የወጣች የደከመች አገር መልእክተኞች ነበሩ። ሴቶች በኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ይሮጡ ዘንድ የተፈቀደላቸውም ከአንድ ኦሊምፒክ በፊት በሴኡል ነበረ። ነሐሴ 1 ቀን ማታ ደራርቱ በ20 ዓመትዋ ለዚህ ሩጫ ተሰለፈች። ደቡብ አፍሪካም በዘር መለያየት ሕግዋ ምክንያት ለ32 ዓመት ከኦሊምፒክ ተባርራ ቆይታ ገና መመለስዋ ነበር፤ ከመለሰቻቸውም አንዲቱ ኤላና ማየር የምትባል ነጭ ሯጭ ናት።

ሩጫው 25 ዙር ነው። ማየር ገና ብዙ ዙር ሲቀር ከሌሎቹ ተለይታ ወጣች፤ ደራርቱ ብቻ ተከተለቻት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሥዕሉን ያየ ሁሉ ያስታውሳል። ደቡብ አፍሪካዊቱ ፊት ፊት፥ ኢትዮጵያዊቱ ከኋላዋ እንደ ጥላ፤ ዙር ከዙር በኋላ አንዲት እርምጃ እንኳ ሳትቀድም፥ አንዲት እርምጃም ሳትርቅ ቆየች። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ ግን ወጥታ ሄደች። በ31 ደቂቃ ከ6 ሴኮንድ ጨረሰች፤ ማየር ከ5 ሴኮንድ በላይ ዘግይታ ገባች። ደራርቱም ማየርን ቆማ ጠበቀቻት፤ ተቃቀፉ፤ እጅ ለእጅም ተያይዘው፥ ጥቁርና ነጭ፥ ሜዳውን ዞሩ። ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች ወገን የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደች የመጀመሪያይቱ ደራርቱ ናት። ከእርስዋ በፊት ከሰሜን አፍሪካ የሞሮኮዋ ናዋል ኤል ሙተወኪል በ1976 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ በመሰናክል ሩጫ ወስዳ ነበር።

ስለ እነዚያ ሁለት ሴቶች መያያዝ ብዙ ተጽፎአል፤ አንዳንዱም ከሚገባው በላይ አጣፍጦታል። ሁለት የደከሙ ሰዎች ስለ ተቃቀፉ የአንድ አገር ክፉ ሕግ አይፈርስም። ነገር ግን እኔ በምኖርበት ስፍራ፥ ወገንና ወገን አንዳንድ ጊዜ በአንድ ቦኖ ለመቅዳት በሚፈራሩበት ስፍራ፥ ያን ሥዕል በክፍሌ ግድግዳ ሰቅዬዋለሁ። ተማሪዎቼ «ያቺ ነጭ ተሸንፋ ስለምን ትስቃለች?» ብለው ሁልጊዜ ይጠይቁኛል። እኔም እንዲመልሱ ለእነርሱው እተውላቸዋለሁ።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ጥቂት ወጣ ልበል። አንድ ጊዜ በመጠለያው ሥራ የነበረው አንድ ፈረንሳዊ እንግዳ በክፍሌ የተሰቀለውን ሥዕል አይቶ፥ በዚያው ዓመት በአገሩ ስለ ሆነ ነገር አጫወተኝ። በ1984 ዓ.ም. በየካቲት ወር በፈረንሳይ በአልቤርቪል የክረምት ኦሊምፒክ ተደርጎ ነበረ። በዚያም ቢያትሎን የሚባለው ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሴቶች ተፈቀደ። ይህ ጨዋታ በእግር የበረዶ መንሸራተቻ አጥልቆ፥ ከ3 ኪሎ ተኩል የማያንስ ጠመንጃ በጀርባ አዝሎ በበረዶ ላይ መሮጥ ነው። በመካከሉም ቆም ብለው በ50 ሜትር ርቀት የተተከሉ 5 ትንንሽ ዒላማዎች ይተኵሳሉ፤ ተኝተው የሚተኵሱት ዒላማ ስፋቱ 4 ሳንቲሜትር ተኩል ብቻ ነው። በቅብብሎሹ ሩጫ የሳተ ሰው ስለ ሳተው ዒላማ 150 ሜትር ዞሮ ይቀጣል። ሦስት ፈረንሳዊቶች፥ ኮሪን ኒዮግሬ፥ ቬሮኒክ ክሎዴልና አን ብሪያን፥ እየተቀባበሉ የመጀመሪያውን ወርቅ ወሰዱ።

ከሦስቱ ኒዮግሬ የደራርቱ እኩያ ናት፤ ሁለቱም የተወለዱት እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1972 ነው። ሁለቱም በ20 ዓመታቸው ግድም ወርቅ አገኙ። ኒዮግሬም ከዚያ በኋላ በ1987 እና በ1992 ዓ.ም. በ15 ኪሎ ሜትር የዓለም አሸናፊ ሆነች፤ ዛሬ ግን ጠመንጃዋንም መንሸራተቻዋንም ካስቀመጠች ብዙ ዘመን ሆኖአል። እንግዳው እንደ ነገረኝ፥ የዚህ ጨዋታ ጭንቁ ሩጫው አይደለም፤ ልብ በኀይል ሲመታ ደርሶ ቆሞ ትንፋሽን ማሳረፍ ነው፤ ያላሳረፈ ይስታል። ይህን ለተማሪዎቼ ብነግራቸው በረዶው አልገረማቸውም፤ በረዶን ስላላዩት እንደ ማንኛውም ተረት ተቀበሉት። የገረማቸው ጠመንጃው ነው። በጠመንጃ ተተኵሶ ማንም የማይሞትበት፥ የሳተውም ሰው ዞሮ ሮጦ የሚመለስበት ነገር መኖሩን አንዱ ተማሪ እስከ ዛሬ አላመነኝም። ከእኛ አገር ሰው በበረዶ ላይ ተወዳድሮ እንደ ሆነ ለሚጠይቅም፥ በአዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለ ማርያም በ1998 ዓ.ም. በቶሪኖ፥ በ2002 ዓ.ም. በቫንኩቨር የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በበረዶ መንሸራተቻ ተወዳድሮአል። እርሱ ግን ጠመንጃ አልያዘም።

ወደ ደራርቱ ልመለስ። ከባርሴሎና በኋላ ያሉት ዓመታት እምብዛም አይወሩላትም፤ እኔ ግን ከወርቁ ይልቅ የሚደንቁኝ እነዚያ ናቸው። ጉልበትዋ ታመመ። ሁለት ዓመት ያህል ስምዋ ጠፋ፤ ብዙዎችም አንድ ጊዜ በርታ የጠፋች ኮከብ አድርገው ቈጠሩአት። በ1987 ዓ.ም. ለአገር አቋራጭ የዓለም ውድድር ወደ እንግሊዝ ወደ ዱራም ስትሄድ በአቴና የአውሮፕላን ማረፊያ 24 ሰዓት ያለ እንቅልፍ ቆይታ፥ ሩጫው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ደረሰች። አሸነፈችም። ይህን ስነግራቸው እናትየው ሣቅ ብለው «እኛም መኪና ስንጠብቅ እንዲሁ ነን» አሉ። በዚያው ዓመት በጎተንበርግ በፖርቱጋላዊቱ ፈርናንዳ ሪቤይሮ ተቀድማ 2ኛ ሆነች። በ1988 ዓ.ም. በአገር አቋራጩ ውድድር ጫማዋ ከእግርዋ ወልቆ 4ኛ፥ በአትላንታም ኦሊምፒክ ሕመምዋን ይዛ ሮጣ 4ኛ ወጣች። አራተኛ የወጣ ሰው ሜዳሊያ የለውም፤ ወደ አገሩም ሲመለስ አበባ ይዞ የሚቀበለው የለም። በዚያ ኦሊምፒክ የወርቁ ደስታ የፋጡማ ሮባ ነበረ፤ እርስዋም የአርሲ ልጅ ናት፤ ከአፍሪካ ሴቶች ማራቶንን በኦሊምፒክ በማሸነፍ የመጀመሪያይቱ።

በ1989 ዓ.ም. ደራርቱ የአገር አቋራጩን ውድድር በቶሪኖ ዳግመኛ አሸነፈች። ከዚያም ሩጫውን ትታ ወለደች፤ በ1990 ዓ.ም. ገደማ መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ የወለደች ሴት ወደ ታላቅ ሩጫ ትመለሳለች ብሎ የሚያስብ ብዙ አልነበረም። በአገራችንም ቢሆን ሴት ከወለደች በኋላ ሥራዋ ሌላ ነው ይባላል፤ ይህንም የሚሉት ወንዶች ብቻ አይደሉም። እርስዋ ግን ተመለሰች። በ1992 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በፖርቱጋል በቪላሞራ ለ3ኛ ጊዜ የአገር አቋራጭ የዓለም አሸናፊ ሆነች።

መስከረም 20 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ የሆነውን በርካታ አንባቢዎች ራሳቸው ያስታውሱታል። እንግሊዛዊቱ ፖላ ራድክሊፍ ፊት ፊት እየመራች ሯጮቹን ሁሉ አደከመች። በመጨረሻ ግን ደራርቱ፥ ጌጤ ዋሚና ያቺው ሪቤይሮ ወጥተው እንግሊዛዊቱን 4ኛ አደረጉአት። ደራርቱ በ30 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ ጨርሳ የኦሊምፒክን ክብረ ወሰን ሰበረች፤ ጌጤ ብሩን ወሰደች። በ10,000 ሜትር ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ወርቅ በማግኘት ከሴቶች የመጀመሪያይቱ እርስዋ ሆነች። የባርሴሎናን ጊዜ ከሲድኒ ጊዜ ጋራ ያስተያየ ሰው ወደ 49 ሴኮንድ ልዩነት ያገኛል፤ በእያንዳንዱ ዙር 2 ሴኮንድ ያህል ማለት ነው። ይኸውም 8 ዓመት ከጨመረች፥ ጉልበትዋን ከታመመች፥ ልጅም ከወለደች በኋላ ነው። ሰዎች የባርሴሎናን ወርቅ ያስቀድማሉ፤ የመጀመሪያ ነገር ሁሉ ይወደዳልና አልፈርድባቸውም። በእኔ ዐይን ግን የሲድኒው ይበልጣል። በ20 ዓመት ማሸነፍ የጕልበት ነገር ነው፤ ተረስቶ ተመልሶ ማሸነፍ ግን ከሌላ ስፍራ የሚመጣ ነገር ነው።

እዚህ በደረስሁ ጊዜ እናትየው ስለ ወርቁ አንድም ቃል አልተናገሩም። ዝም ብለው ቆይተው፥ «ስትሮጥ ሕፃኑን ማን ያዘላት?» ብለው ጠየቁኝ። ልጃቸው ይህን ወደ አማርኛ ሲመልስልኝ እርሱም አፈረ መሰለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እኔ ስለ ዙርና ስለ ሴኮንድ ብዙ አጥንቼ ሄጄ ነበር። ከጋዜጣና ከመጽሐፍ ያነበብሁት ሁሉ ሯጮቹን ሲቈጥር፥ ከሜዳው ውጭ ሕፃን ይዞ የቆመውን ሰው አንድም ቀን አልቈጠረም። ስለዚህ «ያለ ሰው እርዳታ አልሆነላትም» አልሁ እንጂ ሌላ አልጨመርሁም። እርሳቸውም «እንግዲያው ነገሩ የልጅቱ እግር አይደለም፤ የእኛ እጅ ነው» አሉ። ወዲያውም ሒሳብ ጀመሩ። ልጅቱ በቀን 3 ጀሪካን ውሃ ትቀዳለች፤ በ4 ቀን 12 ጀሪካን ይሆናል። ታናናሾችዋን ታጥባለች፤ በቆሎ ትፈጫለች። ይህን ማን ይሠራዋል?

ያስተረጕም የነበረው ወንድም እናቱ የተናገሩትን ወደ አማርኛ ሳይመልስልኝ ለእናቱ በቀጥታ መለሰላቸው። ምን እንዳለ የገባኝ ከሣቃቸው ነው። በሰፈራችን የ17 ዓመት ጐረምሳ ከሴቶች ልጆች ጋራ በቦኖ ተሰልፎ ማየት የተለመደ አይደለም፤ ጓደኞቹም ሳይቀልዱበት እንደማይቀሩ ያውቅ ነበር። ቢሆንም ልጅቱ ሐሙስ ማለዳ በጭነት መኪና ወደ ጋምቤላ ስትሄድ፥ እርሱ በቢጫ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ከሁለት አሮጊቶች ኋላ ተራውን ሲጠብቅ አየሁት። ኳስ ተጫዋቾቹም ሲያልፉ ያሉትን ሁሉ ብሎት ነበር፤ እርሱ ግን ከተራው አልተነሣም።

ከሲድኒ በኋላ ስላለው ዘመን ለእናትየው አልነገርሁም፤ የሚሹትን አግኝተው ነበርና። ለአንባቢ ግን ባጭሩ ልጨርስ። በ1993 ዓ.ም. የለንደንን ማራቶን፥ በዚያው ዓመት ክረምትም በካናዳ በኤድመንተን በ10,000 ሜትር የዓለምን ሻምፒዮና አሸነፈች፤ ብርሃኔ አደሬና ጌጤ ዋሚ ተከታትለው ገብተው ሦስቱም ሜዳሊያ የኢትዮጵያ ሆነ። በ1996 ዓ.ም. በአቴና ኦሊምፒክ ቻይናዊቱ ሺንግ ኋይና ወርቁን ስትወስድ፥ የሥጋ ዘመድዋ እጅጋየሁ ዲባባ 2ኛ፥ ደራርቱ 3ኛ ሆነች። ያን ጊዜ 32 ዓመትዋ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ሩጫዋን አበቃ አለ፤ አበቃ ማለትስ እንዴት ደስ የሚለን ነገር ነው!

ጥቅምት 22 ቀን 2002 ዓ.ም. በኒውዮርክ ማራቶን 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ከ52 ሴኮንድ ሮጣ አሸነፈች። ከኢትዮጵያ ሴቶች ያንን ማራቶን በማሸነፍ የመጀመሪያይቱ ናት፤ ዕድሜዋም 37 ነበር። በሲድኒ የመራችው ራድክሊፍም በዚያ ነበረች፤ ዳግመኛም 4ኛ ገባች።

ኋላም በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን የመምራት ሥራ ወደ እርስዋ መጣ፤ እስከ 2017 ዓ.ም. መርታ ለስለሺ ስኅን አስረከበች። ስለዚህ ዘመን የሚነገረው የተለያየ ነው። በ2014 ዓ.ም. በአሜሪካ በኦሬገን በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ኢትዮጵያ 4 ወርቅና በጠቅላላው 10 ሜዳሊያ አግኝታ ከአስተናጋጅዋ ቀጥላ 2ኛ ስትሆን ምስጋናው ብዙ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ ወርቁ አንድ ብቻ በሆነ ጊዜ ወቀሳው ከዚያ በለጠ። እኔ እንደማየው፥ በሜዳ ላይ የሮጠ ሰው ተቃዋሚውን በፊቱ ወይም በአጠገቡ ያየዋል፤ በወንበር የተቀመጠ ግን ከየት እንደሚመጣበት አያውቅም። ፈረንሳዊቱ ኒዮግሬ ዒላማዎቹን በ50 ሜትር ላይ ታያቸው ነበር፤ ለደራርቱ ግን በእነዚያ ዓመታት ዒላማዋ እርስዋ ራስዋ ነበረች። ያም ሆኖ አገር ለሯጮችዋ ሁሉ ኀላፊ ይሆን ዘንድ የከብት እረኛ የነበረችውን ሴት መምረጡን አልረሳውም፤ የእናትየውም ጥያቄ እስከዚህ ድረስ መልስ አለው።

ልጅቱ ከጋምቤላ እሑድ ማታ ተመለሰች። በ1,500 ሜትር 3ኛ ሆናለች። ያለ ጫማ ነበር የሮጠችው፤ ይህንም እንደ ችግር ሳይሆን እንደ ማናቸውም ነገር ነገረችኝ። ለእናትዋ ያልነገርኋቸውን የኒውዮርክን ነገር ለእርስዋ ነገርኋት። ስለ ከተማው ትልቅነትም፥ ስለ ሽልማቱም አልጠየቀችኝም። «ስንት ዓመትዋ ነበር አሉኝ?» አለች። 37 አልኋት። በጣትዋ ጥቂት ቈጥራ፥ «እኔ እንግዲህ 22 ዓመት አለኝ» ብላ፥ ወንድምዋ ከቦኖው ያመጣውን ጀሪካን ከእጁ ተቀብላ ወደ ቤት ገባች።